የመከራ ቀለማት፦ የሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወት

የሰው ልጅ ደስታውን ብቻ ሳይሆን ሥቃዩንም በሥዕል ሲገልጽ ኖሯል። በኢትዮጵያም በብራና መጻሕፍት ገጾችና በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች ላይ የሰማዕታት ተጋድሎ፣ የኃጥአን ፍዳና የክርስቶስ ሕማማት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሣሉ ቆይተዋል። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ መከራ ብቻውን አይቆምም። ከሰይፉ ቀጥሎ አክሊል፣ ከመስቀሉ ቀጥሎ ትንሣኤ አለ። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን መከራን ያለ አክሊል፣ ችግርን ያለ ጌጥ በሸራ ላይ አውጥቶ ለተመልካች ያቀረበ አንድ ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ተነሣ። እርሱም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ነው።

ገብረ ክርስቶስ በ1932 እ.ኤ.አ. በሐረር ከተማ ተወለደ። ሐረር በጀጎል ግንብ የተከበበች፣ ጠባብ መንገዶቿ በገበያተኛ የሚሞሉ፣ ግድግዳዎቿ በነጭ ኖራና በልዩ ልዩ ቀለማት የተዋቡ ጥንታዊት ከተማ ናት። የቀለምን ኃይል ለሚያስተውል ልጅ ከዚህች ከተማ የተሻለ የመጀመሪያ ትምህርት ቤት አይገኝም። ሆኖም ያ ዘመን ለሐረር የውበት ዘመን ብቻ አልነበረም። ገብረ ክርስቶስ አምስት ዓመት ሳይሞላው፣ በመጋቢት ወር 1936 እ.ኤ.አ. የፋሽስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። ከዚያም በኋላ አገሪቱ ለአምስት ዓመታት በወራሪ እጅ ወደቀች። ስለዚህ እርሱና እኩዮቹ ነፍስ ያወቁት የጦርነትና የስደት ወሬ በየቤቱ በሚሰማበት ጊዜ ነበር።

አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሲሆኑ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የማስጌጥ ሙያም ነበራቸው። ይህ ሙያ ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነው። ቆዳው ተፍቆና ተወጥሮ ብራና ይሆናል፤ ቀለሙ ተበጥብጦ ይዘጋጃል፤ ጽሕፈቱ ከተፈጸመ በኋላ ሐረጉና ሥዕሉ ይከተላል። ሠዓሊው እንደ ልቡ አይሥልም፤ ከአባቶች የወረሰው ሥርዓት አለው። ጻድቃን ሙሉ ፊታቸው ታይቶ፣ ሁለት ዓይናቸው ተገልጦ ይሣላሉ። ክፉዎች ግን በአንድ ጎን ፊታቸው፣ በአንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያሉ። ሕፃኑ ገብረ ክርስቶስ የሥዕልን ሀሁ የተማረው ይህን ሥርዓት ከሚያውቁት ከአባቱ ነበር።

የጥንቱ የኢትዮጵያ ሥዕል መከራን አያውቅም ማለት አይደለም። ኩርዓተ ርእሱ በመባል የሚታወቀው ሥዕል የእሾህ አክሊል የደፋውን፣ ግንባሩ የደማውን ክርስቶስን ያሳያል። ነገሥታት ወደ ጦርነት ሲዘምቱ ይህን ሥዕል ከሠራዊቱ ጋር ይዘው ይሄዱ ነበር፤ በፊቱም መሐላ ይፈጸም ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስን ድል ባደረገ ጊዜ ሥዕሉ ከአገር ተወስዷል። ከዚህ እንደሚታየው የሚሠቃይ ሰው ፊት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የነበረው ገብረ ክርስቶስ በኋላ ዘመን ያንን ፊት ያየበት ዓይንና የገለጸበት ዘዴ ነው።

ገብረ ክርስቶስ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን በሐረር በራስ መኰንን ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ መጣ። ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የግብርና ትምህርት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ኮሌጅ የደረሰ ወጣት በአገሪቱ ጥቂት ነበር። ትምህርቱን የፈጸመ ሁሉ ሹመትና ደመወዝ ይጠብቀው ነበር። ገብረ ክርስቶስ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ ወጣ፤ ምክንያቱም ልቡ በሥዕል ተይዞ ነበር። ሥዕል እንደ መተዳደሪያ በማይቆጠርበት በዚያ ወቅት እንዲህ ያለውን እርምጃ መውሰድ ቀላል ነገር አልነበረም። የተረጋገጠውን ትቶ ያልተረጋገጠውን የመረጠው ይህ ወጣት ከዚያ በኋላም ምርጫውን አልለወጠም።

በ1957 እ.ኤ.አ. የምዕራብ ጀርመን መንግሥት የነፃ ትምህርት ዕድል ስለሰጠው ወደ ኮሎኝ ከተማ ሄደ። ኮሎኝ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ ከተጎዱት የጀርመን ከተሞች አንዷ ናት። በግንቦት 1942 እ.ኤ.አ. በአንድ ሌሊት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደብድበዋታል። ጦርነቱ ሲያበቃ ታላቁ ካቴድራል ቆሞ ቢቀርም አብዛኛው የመሐል ከተማው ክፍል ፍርስራሽ ሆኖ ነበር። ገብረ ክርስቶስ የደረሰው ሰላም ከወረደ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ ከተማዋ ገና እንደገና በመታነጽ ላይ ሳለች ነው። በቦምብ የተመታች ከተማ ተወላጅ የሆነው ኢትዮጵያዊ በቦምብ የተመታች ሌላ ከተማ ውስጥ ሥዕል ይማር ጀመር።

በጀርመን አገር የተማረው ብሩሽ አያያዝን ብቻ አልነበረም። ከሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀምሮ የጀርመን ሠዓሊዎች ዓይን የሚያየውን መልክ እንዳለ ከመቅዳት ይልቅ ልብ የሚሰማውን በቀለምና በመስመር መግለጽን መርጠው ነበር። ፊት አረንጓዴ፣ ሰማይ ቀይ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር ሥዕሉ የሠዓሊውን ስሜት ወደ ተመልካቹ ማድረሱ ነው። ኬተ ኮልቪትዝ የተባለችው ሠዓሊት ልጇን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ካጣች በኋላ የእናቶችን ሐዘንና የድሆችን ረሃብ በጥቁርና በነጭ ስትሥል ኖራለች። የናዚ መንግሥት ግን ይህን አዲስ የሥዕል መንገድ ጠላው። በ1937 እ.ኤ.አ. ሥራዎቹን ሰብስቦ የዘቀጠ ጥበብ ናቸው በማለት ለመሳለቂያ በሙኒክ አሳያቸው። በዚያው ዓመት ፓብሎ ፒካሶ በአውሮፕላን ቦምብ ስለተደበደበችው ስለ ጌርኒካ፣ ስለ ትንሿ የስፔን ከተማ፣ በጥቁር፣ በነጭና በግራጫ ቀለም እጅግ ትልቅ ሸራ ሣለ። በሸራው ላይ ቦምብም አውሮፕላንም አይታይም፤ የሞተ ልጇን ታቅፋ የምትጮኽ እናት፣ የወደቀ ወታደርና የሚንቀጠቀጥ ፈረስ ግን ይታያሉ። ዘመናዊው ሥዕል የሰውን መከራ ለማሳየት አዲስ ቋንቋ ያገኘው እንዲህ ነበር። ገብረ ክርስቶስም ያንን ቋንቋ ተማረ።

ትምህርቱን ጨርሶ በ1962 እ.ኤ.አ. በኮሎኝ የግሉን ትርኢት ካቀረበ በኋላ ወደ አገሩ ተመለሰ። በውጭ አገር መቅረት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ያወቀውን ለወገኖቹ ማካፈልን መረጠ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ ያስተምር ጀመር። በ1963 እ.ኤ.አ. ሥራዎቹን ለአዲስ አበባ ሕዝብ በትርኢት አቀረበ። የመጣው ተመልካች በሁለት ተከፈለ። አንዳንዱ አዲስ ነገር በማየቱ ተደነቀ። ሌላው ደግሞ የሚያውቀውን መልክ በሸራው ላይ ፈልጎ ስላጣ ግራ ተጋባ። ይህ ሥዕል የኢትዮጵያ አይደለም፣ ከፈረንጅ አገር የመጣ ነው የሚል ወቀሳም ተሰነዘረበት።

ከዚህ ዘመን ሥራዎቹ ዋነኛው በ1963 እ.ኤ.አ. የሣለው ጎልጎታ ነው። ርእሱ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን የሚያውቀው ነው። በስቅለት ዕለት ምእመናን ቀኑን ሙሉ ሲሰግዱ የሚያስቡት ያንን ቦታ ነው። ሥዕሉ ግን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከሚታወቀው ስቅለት የተለየ ነው። ሠዓሊው የወታደሮቹን ልብስ፣ የመላእክቱን ክንፍ፣ የቅዱሳኑን አክሊል እየዘረዘረ አላስጌጠም። ደም የመሰለው ቀይ ቀለም ሸራውን ይገዛዋል፤ የተሰቀለው አካልም በተፈጥሮ መልክና መጠን ሳይወሰን ከሥቃዩ ጋር አንድ ሆኖ ይታያል። በጥንቱ ሥዕል ፊት የሚቆም ሰው ታሪኩን ያነባል፤ በዚህ ሸራ ፊት የሚቆም ሰው ግን ከታሪኩ አስቀድሞ ሕመሙ ይሰማዋል። ሠዓሊው የብራና ሠዓሊ ልጅ መሆኑ ሲታሰብ ሥራው የአባቱን ርስት መካድ ሳይሆን በሌላ መንገድ መቀጠል መሆኑ ይገለጻል። አባትየው በሥርዓት የሣሉትን ሕማም ልጁ ከሥርዓት አውጥቶ ለእያንዳንዱ ተመልካች ሰጠው።

ገብረ ክርስቶስ ሥቃይን በቅዱሳን ታሪክ ውስጥ ብቻ አልፈለገም። በዙሪያው ያለችው አዲስ አበባም የሥዕሉ ምንጭ ሆነች። በዚያን ጊዜ ከተማዋ በፍጥነት ታድግ ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን በአዲስ አበባ መሥርተው ነበር፤ ትላልቅ ሕንጻዎችና ሰፋፊ መንገዶችም ተሠርተው ነበር። ከእነዚህ ጀርባ ግን ዝገት የበላቸው የቆርቆሮ ጣሪያዎች ተደጋግፈው ይታያሉ። ገብረ ክርስቶስ እነዚያን ጣሪያዎችና የተፋፈጉ ጎጆዎች ደጋግሞ ሣላቸው። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ ሲል ሰየመው። ርእሱ ብቻውን ብዙ ይናገራል። አውሮፕላን ማረፊያ አገር ለእንግዳ የምትከፍተው በር ነው። እንግዳው በዘመናዊው በር ገብቶ በሰፊው መንገድ ያልፋል፤ ችግረኛው ግን ከበሩ አጠገብ ይኖራል። ሠዓሊው የተመልካቹን ዓይን ከበሩ መልሶ ወደ ጎጆው አዞረው።

ይህ ነገር በአዲስ አበባ ብቻ የሚታይ አይደለም። በጎረቤት አገር በኬንያ፣ በናይሮቢ ዳር በሚገኘው በኢምባካሲ የተሠራው አውሮፕላን ማረፊያ የተመረቀው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ገብረ ክርስቶስ በዚያን ጊዜ በኮሎኝ ተማሪ ነበር። ማረፊያውን ለመሥራት ድንጋይ የፈለጡትና አፈር የዛቁት በማው ማው የነፃነት ትግል ምክንያት በእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች የታሠሩ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። ዛሬም ከዚያ ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚያው በኢምባካሲ፣ ሙኩሩ በሚባሉት ሠፈሮች እልፍ አእላፍ ሕዝብ በተጠጋጉ የቆርቆሮ ቤቶች ይኖራል። የገብረ ክርስቶስ ሸራ ስለ አዲስ አበባ የተሣለ ቢሆንም የኢምባካሲ ነዋሪ ቢያየው የራሱን ሠፈር ያገኝበታል። ሠዓሊውን የውጭ አገር መንገድ ተከትሏል ብለው ለነቀፉት ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። ዘዴው ከሩቅ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ የሣለው ኑሮ ግን የቅርብ ነበር።

ወቀሳው ቢበዛም ገብረ ክርስቶስ መንገዱን አልተወም። ለገበያ የሚስማማ፣ እንግዳ ገዝቶ የሚወስደውን የተለመደ ሥዕል እየደጋገመ መኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን የሥነ ጥበብ ሰው ያለፈውን ከመቅዳት ይልቅ የራሱን ዘመን መመስከር አለበት በሚለው እምነቱ ጸና። በ1965 እ.ኤ.አ. በሥነ ጥበብ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው። በሚቀጥሉት ዓመታት በትምህርት ቤቱ ያስተማራቸው ወጣቶች ከአንድ የአሣሣል ልማድ ሳይወሰኑ የራሳቸውን መንገድ እንዲፈልጉ በር ከፈተላቸው። እስክንድር ቦጎሲያንም በ1966 እ.ኤ.አ. ከፓሪስ ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር ሲጀምር የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥዕል ሁለት ታላላቅ መምህራንን በአንድ ጣሪያ ሥር አገኘ።

ገብረ ክርስቶስ ሠዓሊ ብቻ ሳይሆን ገጣሚም ነበር። በግጥሞቹ ከተለመደው አሰነኛኘት ወጥቶ ረጅምና አጭር ስንኞችን እንደ ሐሳቡ ግለት ያፈራርቃል። ብቸኝነት፣ ሌሊት፣ ሞት፣ የአገር ናፍቆትና የሰማይ ስፋት ተደጋግመው ይገኙባቸዋል። ከሁሉም ይልቅ ስሙን በሕዝብ ዘንድ ያስጠራው አገሬ የተባለው ግጥሙ ነው። በእርሱም ከአገሩ የራቀ ሰው የትውልድ መሬቱን ውበትና ክብር እያሰበ ይናፍቃል። በሸራው የአገሩን ችግር ያልሸፈነው ሰው በግጥሙ የአገሩን ፍቅር እንዲህ መግለጹ የሚጋጭ ነገር አይደለም። የሚወዱትን ሰው ቁስል አይቶ እንዳላዩ ማለፍ ስለማይቻል፣ ሁለቱም ከአንድ ልብ የወጡ ናቸው።

በ1973 እ.ኤ.አ. በወሎ የደረሰው ረሃብ ለዓለም ሲጋለጥ የኢትዮጵያ ሥዕል ከዚያ በፊት ካየው የከፋ መከራ ፊት ለፊት ቆመ። ሠዓሊ እሸቱ ጥሩነህ በ1974 እ.ኤ.አ. የረሃቡን ተጎጂዎች በትልቅ ሸራ ላይ ሣላቸው። ችግረኛውን የሥዕል ዋና ጉዳይ ማድረግ በዚያን ጊዜ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ገብረ ክርስቶስ ከአሥር ዓመት በፊት ጀምሮ የቆርቆሮ ጎጆዎችን በሣለ ጊዜ መንገዱን ጠርጎ ነበርና። በዚያው ዓመት የዘውዱ መንግሥት ወድቆ ደርግ ሥልጣን ያዘ። አዲሱ መንግሥት ከሠዓሊዎች የሚፈልገው ትግልንና ድልን የሚያበሥር፣ ለመረዳት የማያስቸግር ሥዕል ነበር። የድል ጉዞ እንጂ ሐዘን የማይወደድበት፣ ለግል ጥርጣሬና ለጥልቅ ትካዜ ቦታ የማይገኝበት ጊዜ መጣ። ከዚያም ቀይ ሽብር ተከትሎ በየጎዳናው የወጣቶች ሬሳ ታየ።

ገብረ ክርስቶስ በዚያ አሥር ዓመት መገባደጃ ላይ አገሩን ለቆ ተሰደደ። በመጨረሻም አሜሪካ ገብቶ በኦክላሆማ ክፍለ ግዛት ተቀመጠ። የስደት ኑሮው ግን ረጅም አልነበረም። በመጋቢት ወር 1981 እ.ኤ.አ. ገና ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው በዚያው በባዕድ አገር አረፈ። በወጣትነቱ ኮሎኝ ሄዶ የተመለሰው ሰው ሁለተኛውን ጉዞ ሳይመለስበት ቀረ። በግጥሙ የገለጸው የናፍቆት ሥቃይ የራሱ የመጨረሻ ዕጣ ሆነ።

ሥራዎቹ ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ግጥሞቹ ከሞቱ በኋላ ተሰብስበው መንገድ ስጡኝ ሰፊ በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታተሙ። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ በስሙ የተሰየመ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። በጀርመን አገር ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቹም በጀርመን መንግሥት እርዳታ ለዚህ ሙዚየም በቁ። አንድ ጊዜ የኢትዮጵያ አይደሉም ተብለው የተነቀፉት ሥራዎች ዛሬ የኢትዮጵያ ቅርስ ሆነው ይጠበቃሉ።

የገብረ ክርስቶስ ሕይወት ለሥነ ጥበብ ወዳጆች አንድ ትልቅ ቁም ነገር ትቶ አልፏል። የሰውን ሥቃይ መሣል ማለት ቁስልን ለመደነቂያ አውጥቶ ማሳየት አይደለም፤ ያንንም በጌጥ ሸፍኖ ለዓይን እንዲጥም ማድረግ አይደለም። ተመልካቹ በየቀኑ እያየ የሚያልፈውን ሰው ቆም ብሎ እንዲያይ ማድረግ ነው። ከአባቱ የወረሰው የጥንት ሥርዓት ክቡር የሆነው ሰው ሙሉ ፊቱ ታይቶ፣ ሁለት ዓይኑ ተገልጦ እንዲሣል ያዝዝ ነበር። ገብረ ክርስቶስ በቆርቆሮ ጎጆ የሚኖረው ችግረኛም ለዚያ ክብር የተገባ መሆኑን በሥራው አሳይቷል።